ሳይመረመር የሚቀበር ቴሌቪዥን

«ፍላት አይጠገንም፤ ጣለውና አዲስ ግዛ።»

አፋር፣ ገዋኔ ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የጠፋበት ሰው ይህን ፍርድ ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጎረቤቱ ይነግረዋል፤ ቡና ቤት የተቀመጠው ይነግረዋል፤ ከጂቡቲ ሲመለስ ጎማ ሊያስነፋ የቆመ የከባድ መኪና ሾፌር ሳይቀር ከመቀመጫው ሳይወርድ ይነግረዋል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከፍቶ አላየም። እንዴት ጠፋ፣ መቼ ጠፋ፣ ድምፅ አለው ወይ ብሎ የጠየቀም የለም። ቀብሩ ላይ ግን ሁሉም ተገኝቷል። ከአዋሽ ሰባት እስከ ሎጊያና ሰመራ ባለው መንገድ ይህ አባባል እንደ ሕግ ይጠቀሳል። እኔ ስንፍና ነው እላለሁ፤ ያውም ውድ ስንፍና።

ይህን የሚሉት ሰዎች ግን ሞኞች አይደሉም፤ ክርክራቸውን ሳልቆራርጥ ላስቀምጠው። ገዋኔ ውስጥ መለዋወጫ የለም፣ ይላሉ፤ ዕቃው ከአዳማ ወይም ከመርካቶ እስኪመጣ ዋንጫው ተበልቶ ያልቃል። ጠጋኙም ቢሆን ሬዲዮና ሞባይል ሲነካካ የኖረ እንጂ ፍላት የተማረ አይደለም፤ በተበላሸው ላይ ሌላ ያበላሻል፣ ሒሳቡንም ይቀበላል። ቢሠራለት እንኳ ሦስት ወር አይዘልቅም። አዲሱ ደግሞ ዋስትና አለው፣ መብራት አይበላም፣ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ምስሉ ይጠራል። ታዲያ የአሮጌ ዕቃ አስታማሚ ሆኖ ከመኖር ተበድሮም ቢሆን ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

ከዚህ ውስጥ አንዳንዱ በእኔም ላይ ደርሷል፤ ውሸት ነው አልልም። ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «ስለዚህ ጣለው» ላይ እንዴት እንደሚደረስ ግን አይገባኝም። በመካከሉ የተዘለለ ጥያቄ አለ፦ የተበላሸው የቱ ነው?

ያንን ሾፌር እንጠይቀው። የመኪናህ ዲናሞ ቢቃጠል ተሳቢውን ከነጭነቱ ገዋኔ ጥለህ አዲስ መኪና ልትገዛ ትሄዳለህ? በጥያቄው ይስቅብናል። ዲናሞውን ያስፈታል፣ ያስጠቀልላል፣ መንገዱን ይቀጥላል። መኪና የብዙ ዕቃ ግጣም መሆኑን፣ አንዱ ሲሞት ሌላው እንደማይሞት ያውቃል። ቴሌቪዥን ላይ ሲደርስ ግን ይህ ዕውቀቱ ሁሉ ይጠፋዋል። ለምን? ቀጭን ስለሆነ። «ፍላት» ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ከተሰበረ ተሰበረ።

የኋላ ክዳኑን ብሎኖች ለፈታ ሰው የሚታየው ሌላ ነው። ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ አሳንሶ የሚያከፋፍል የኃይል ቦርድ አለ። ዲሹን፣ ፍላሹንና ሪሞቱን የሚያስተናግድ ዋና ቦርድ አለ። ምስሉን ለመስታወቱ የሚያደላድል፣ ጠጋኞች ቲኮን የሚሉት ትንሽ ቦርድ አለ። ከመስታወቱ ጀርባ ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት መብራት በተርታ የተደረደሩ ደቃቅ አምፖሎች የተሰኩባቸው ዘንጎች አሉ፤ ባክላይት የሚባለው ይኸው ነው። ፍላት ከሚባሉት አብዛኞቹ፣ በተለይም በእኛ ሰፈር ያሉት፣ መስታወታቸው ራሱ ብርሃን አያወጣም። የሚያበራው ከኋላው ያለው ነው።

ይህችን አንድ ነገር የያዘ ሰው የክርክሩን ግማሽ ጨርሷል። ድምፁ እየተሰማ፣ ቻናሉ እየተቀየረ፣ ስክሪኑ ጥቁር የሆነበት ስንት ቴሌቪዥን ነው «አለቀለት» ተብሎ አልጋ ሥር የገባው? እንደ ሠርግ ቤቱ መብራት ሁሉ እነዚህ አምፖሎችም በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲቃጠል ተርታው በሙሉ ይጠፋል፣ ወይም ቦርዱ ችግሩን አይቶ ሁሉንም ያጠፋቸዋል። ፈተናው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ክፍሉን ማጨለም፣ ቴሌቪዥኑን ማብራት፣ የስልክን መብራት ወደ መስታወቱ ጠጋ አድርጎ በአግድም መያዝ። ዜና አንባቢው በጥላ መልክ ሲንቀሳቀስ ከታየ መስታወቱ ደህና ነው፣ ዋናው ቦርድ ደህና ነው፣ ቲኮኑም ደህና ነው። የሞተው መብራቱ ብቻ ነው። መብራት ስለጠፋ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው አለ?

ሌላውም ምልክት እንዲሁ ይነበባል። ጭራሽ ቀዩ መብራት እንኳ ካልበራ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከኃይል ቦርዱ ነው፤ ፊውዝ፣ ወይም አናቱ እንደ ቂጣ የተነፋ ካፓሲተር። የአምራቹ ምልክት ላይ ቆሞ ከቀረ ዋናው ቦርድ ወይም በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ነው። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ከታየ ከአምፖሎቹ አናት ላይ ያሉት የፕላስቲክ ሌንሶች ሙጫቸው በሙቀት ለቆ ወድቀዋል ማለት ነው፤ ይህ ጨርሶ በሽታ አይባልም። ከላይ ወደ ታች የተሰመረ መስመር ሲመጣ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር የተጣበቁት ስስ ሪባኖች ከለቀቁ የሚመልሳቸው መሣሪያ በየሰፈሩ አይገኝም። ይኼኛው ላይ ተቃዋሚዎቼ ብዙውን ጊዜ ትክክል ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ግን ከስንቱ አንዱ ነው?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የመጀመሪያው ቴሌቪዥኔ 43 ኢንች ነበር። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ተመለሰ፤ ሲመለስ አምፖሉ ያለወትሮው ቦግ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ግን አልተነሳም። ሰው ሁሉ ያለውን አለ፤ እኔም ሰማሁ። አዲስ ገዛሁ፤ ከአዳማ በአይሱዙ፣ እንደ ሕመምተኛ ደግፌ አመጣሁት። በዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ በዚያው ማካፈያ፣ በዚያው ሶኬት ሰካሁት። በሰባተኛው ወር መብራት ሄዶ ተመለሰ፣ አምፖሉ ቦግ አለ፣ አዲሱም እንደ ታላቅ ወንድሙ ጸጥ አለ። ወደ ሻጩ ደወልኩ። ዋስትናው የኤሌክትሪክ መዋዠቅን አይጨምርም አለኝ፤ ወረቀቱን ሳነበው እውነቱን ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ስገዛ የቀየርኩት ሟቹን ነበር፤ ገዳዩ እቤቴ ነበር። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ማለት ይህ ነው።

ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ከሦስቱ መስመሮች በአንዱና ኒውትራል በሚባለው ሽቦ መካከል ያለው ነው። ኒውትራሉ በነፋስ ወይም በላላ ማሰሪያ ሲለቅ ሚዛኑ ይጠፋል፤ በአንዱ ቤት መብራቱ ሲደበዝዝ በጎረቤቱ እስከ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። ቴሌቪዥን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲችል ነው። ይህን የሚያውቁ ሠሪዎች በኃይል ቦርዱ መግቢያ ላይ ቫሪስተር የሚባል የሳንቲም ያህል ክብ ዕቃ ያስቀምጣሉ። ሥራው የቤት ዘበኛ ሥራ ነው፤ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ተቃጥሎ ፊውዙን ያስቆርጣል። ሁለቱንም ቴሌቪዥኖቼን በመጨረሻ ያስከፈትኩት እዚሁ መንገድ ላይ ሞባይል ከሚጠግን ልጅ ዘንድ ነው። ሁለቱም ውስጥ የተገኘው አንድ ነው፦ የተበላ ፊውዝና የተሰነጠቀ ቫሪስተር። ዘበኛው ሞቶ ቤቱ ተርፎ ነበር። የሁለቱ ዕቃ ዋጋ ተደምሮ አንድ ምሳ አይሞላም፤ የልጁ የእጅ ዋጋ ታክሎበት እንኳ የአዲሱን ቴሌቪዥን ዋጋ ሃያኛ እጅ አልደረሰም። አንደኛው ዛሬ እህቴ ቤት ነው፣ ሁለተኛው እኔ ዘንድ፤ አሁን ግን ሁለቱም ከስታብላይዘር ጀርባ ናቸው።

እንግዲህ «የተጠገነ ሦስት ወር አይዘልቅም» የሚለውን እንየው። ልክ ነው፣ አንዳንዱ አይዘልቅም። አዲሱስ ዘለቀ? የገዳዩን ማንነት ያልጠየቀ ሰው የተጠገነውንም አዲሱንም እኩል ይቀብራል። ልዩነቱ በአንደኛው ጊዜ የሚያጣው የአንድ ምሳ ዋጋ ነው፤ በሌላው ጊዜ የወራት ደመወዝ ነው።

ቮልት ብቻም አይደለም። የብዙ ቴሌቪዥኖችን መመሪያ ለሚያነብ ሰው (የሚያነብ ካለ) ዕቃው እንዲሠራ የተፈቀደበት የሙቀት ጣሪያ 40 ዲግሪ ሆኖ ያገኘዋል። ከአየሉ ተራራ ግርጌ፣ በሰኔ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው በ40 ዲግሪ ላይ ምን ያህል እንደሚስቅ አስቡት። የካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ መሐንዲሶች ሁሉ የሚሠሩበት የቆየ ስሌት ነው። አቧራው ደግሞ የጀርባውን ቀዳዳዎች ደፍኖ ያለውን ሙቀት ያፍነዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ብዙ ሰው ስክሪኑ እንዲያንጸባርቅ ብሎ የባክላይቱን ማስተካከያ 100 ላይ ይተወዋል። ወደ 50 ዝቅ ቢያደርገው ምሽት ላይ ዓይኑም ያርፋል፣ አምፖሎቹም ዓመታት ይጨምራሉ። የጠፋው ስለተጠገነ አይደለም ተመልሶ የሚጠፋው፤ ይህ ሁሉ እንዳለ ስለቆየ ነው።

ስለ ዋጋ ደግሞ እናውራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን 74 ደረሰ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ቴሌቪዥን ከነፓኔሉ የዶላር ዕቃ ነው። «መለዋወጫውም በዶላር ነው የሚገባው» የሚል ሊኖር ይችላል፤ አዎ፣ ነው። ግን በአንድ ኩንታል ጤፍና በአንድ ጣሳ ጤፍ ላይ የዋጋ ጭማሪ እኩል ያማል? የጠጋኙ እጅ ደግሞ በብር ነው የሚከፈለው። እኛን ደግሞ ልዩ የሚያደርገን ነገር አለ። የአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል ነው የሚገባው፤ ብዙው ኮንቴይነር በዚሁ በበራችን ያልፋል። ቴሌቪዥኑ በገዋኔ አልፎ ሞጆ ይወርዳል፣ መርካቶ ይሸጣል፣ ከዚያ የአስመጪ፣ የጅምላ ሻጭ፣ የቸርቻሪና የጫኝ ትርፍ ተሸክሞ ወደ ገዋኔ ይመለሳል። በደጃችን ያለፈ ዕቃ ነው በእጥፍ የምንገዛው። በመመለሻው ጉዞ ደግሞ አይሱዙ ላይ በጀርባው ካስተኙት መስታወቱ ሳይሰካ ሊሰነጠቅ ይችላል። «ጥገና ዕድል ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ዕድል ለምን አይቆጥሩትም?

በርካሽ አዲስ እንገዛለን የሚሉም አሉ። ስም የሌለው ርካሽ ቴሌቪዥን ርካሽ የሆነው ብዙ ጊዜ ጥቂት አምፖሎችን አብዝቶ በማንደድ፣ የመከላከያ ዕቃዎቹንም በማጉደል ነው። በወደቀ መልካም ዕቃ ፋንታ ይህን ማምጣት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

«መብራት አይበላም» የሚለውን በሒሳብ እንጨርሰው። አዲሱ ከአሮጌው 20 ዋት ይቆጥባል እንበል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ይከፈት። በዓመት የሚተርፈው 44 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በቤተሰብ ታሪፍ አባዙትና ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ዕዳው ሳይመለስ አዲሱም ያረጃል። ዩቲዩቡን ደግሞ በአሮጌው ጀርባ የምትሰካ ትንሽ ሳጥን ትከፍተዋለች። ፎር ኬ የተባለ ስክሪን የሚገዛውም ከዲሽ የሚወርድለት ምስል ፎር ኬ አለመሆኑን ይወቀው።

የቀረው ጠጋኙ ነው፤ እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። የሚያታልል አለ። ቦርድ ቀየርኩ ብሎ ፊውዝ የቀየረ፣ ደህናውን ቦርድ አውጥቶ የሞተ የገጠመ አለ። ባክላይት ለመቀየር መስታወቱን ሲያነሳ የሰነጠቀም አለ፤ ያ ሥራ የረጋ እጅና የተዘረጋ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ግን ይህ የመጣል ምክንያት ነው ወይስ የመዋዋል? የመመርመሪያውን ዋጋ ለብቻ፣ የጥገናውን ለብቻ መነጋገር ይቻላል። የተቃጠለውን ዕቃ በእጄ አስረክበኝ ማለት ይቻላል። ከመክፈት በፊት የመስታወቱን ፎቶ ማንሳት፣ ከጥገና በኋላ የአንድ ወር ቃል መቀበል ይቻላል። ባለቤቱ ራሱ የስልክ መብራቱን ፈተና አድርጎ ሲቀርብ ደግሞ ማንም «መስታወቱ ነው» ብሎ አያታልለውም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ በሽታውን የማያውቅ ግን ለመድኃኒቱ ከልክ በላይ ይከፍላል።

ደግሞስ ጠጋኙ ከየት ይማር? ገዋኔ የግብርና ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት፤ ትራክተር ፈትቶ መግጠም እንደ ትምህርት ይቆጠራል። ቴሌቪዥን የሚፈታ ልጅ ግን በየመንገዱ «ነካኪ» ይባላል። ሰው ሁሉ የሞተውን እየጣለ ልጁ እጁን የሚያፍታታበት ዕቃ ሲያጣ፣ መለዋወጫም የሚነቅልበት ሬሳ ሳይኖረው ሲቀር፣ ከዚያ ዞረን «ገዋኔ ባለሙያ የላትም» እንላለን። ራሳችን የቆረጥነውን ዛፍ ጥላ የለውም ብለን እንከሳለን።

መለዋወጫ የለም ለሚለው መልሱም እዚሁ ነው ያለው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን በእርግጥ አይጠገንም፤ የፓኔሉ ዋጋ ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ ብዙ አይርቅም። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ሲናጥ ከጠረጴዛ ለወደቀ ስክሪን ጥገና አልመክርም። ያኛው ይተካ፤ በዚህ ከተቃዋሚዎቼ ጋር ነኝ። ነገር ግን ስክሪኑ ሲሞት የኃይል ቦርዱ፣ ዋናው ቦርድ፣ የአምፖል ዘንጎቹ፣ ድምፅ ማጉያው በሕይወት አሉ። መስታወቱ የተሰበረበት የአንዱ ሰው ቴሌቪዥን ቦርዱ የተቃጠለበት የሌላው ሰው መለዋወጫ ነው። አዲስ አበባ ይህን በደንብ ታውቃለች፤ ቁራሌው በየሰፈሩ ይሰበስባል፣ ምን አለሽ ተራ ይበትናል፣ ይሸጣል። ገዋኔ ላይ ግን የተሰበረው ወደ ገደል፣ የተቃጠለውም ወደ ገደል ይሄዳል፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ይቀበራሉ።

ገደሉ ደግሞ ወዴት ነው የሚወስደው? በ2022 የፈረንጆች ዓመት ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በወጉ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አገራችንም በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ አውጥታለች፤ ደንቡ ገዋኔ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ አላየሁትም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። በአጠገባችን የሚፈሰው አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከጊንጪ አቅራቢያ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያርፋል። ክረምት ሲሞላ ከዳርቻው ጠርጎ የወሰደው ሁሉ የሚቀረው እዚሁ አፋር ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፍላቶች፣ ከአምፖል ዘንግ በፊት በቀጫጭን ፍሎረሰንት የሚበሩት፣ በውስጣቸው ሜርኩሪ አለባቸው። ግመሎቹ የሚጠጡት ከዚህ ወንዝ መሆኑን ለአፋር ሰው መንገር አይጠበቅብኝም።

«ይህ የድሆች ወግ ነው፤ የሠለጠነው ዓለም ጥሎ ይገዛል» የሚለኝ ካለ መረጃው አርጅቶበታል። የአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የቴሌቪዥን አምራቾች ዋና ዋና መለዋወጫዎችን የመጨረሻው ዕቃ ገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ዓመት ለጠጋኞች እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ጥር ላይ እያንዳንዱ ቴሌቪዥን ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከአሥር ነጥብ ተሰጥቶት እንዲሸጥ አዘዘች። እነሱ ለመጠገን ሕግ ሲያወጡ፣ ለእያንዳንዱ ብር የምንጨነቅ እኛ ለመጣል ምሳሌ እንተርታለን?

ስለዚህ አቋሜን ሳላለሳልስ እደግመዋለሁ። መስታወቱ ካልተሰነጠቀ ቴሌቪዥን ሳይመረመር አይጣልም። የጠጋኝ እጅ ሳይነካው «አለቀለት» የሚል ሰው ምክር እየሰጠ አይደለም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ እያወጣ ነው። ስታብላይዘር ሳይገዛ አዲስ ቴሌቪዥን የሚገዛ ደግሞ፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ቀጣዩን ሬሳ ነው የሚገዛው።

አልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ያስቀመጣችሁት አንድ እንዳለ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ አውጡት፤ አቧራውን ጥረጉና ሰኩት። መብራቱን አጥፉ፣ የስልካችሁን መብራት መስታወቱ ላይ አስጠጉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። ጥላ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ጠዋት የምትደውሉት ለሻጭ አይሁን።